ሁለተኛው በርሜል፦ «የሕያዋን ሙታን መመለስ» ክፍል ሁለትና የተመልካቹ ፍርድ

አንድ ሥራ ተመርቆ በሕዝብ ዘንድ ከተወደደ በኋላ ባለሙያውን «ያንኑ ድገምልን» ብሎ መጠየቅ በየሙያው የተለመደ ነው፡፡ ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፡፡ ንድፉ በእጅ አለ፤ ልምድ ያካበቱ ሠራተኞች አሉ፤ ገንዘብ አውጪውም ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ፊቱ የተፈታ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሥራ የሚቆምበት መሬት የመጀመሪያው የቆመበት አይደለም፤ የሚሸከመውም ጭነት ሌላ ነው፡፡ ንድፉን ገልብጦ መሬቱን ሳይመረምር የሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ሥራ መልኩን እንጂ ጥንካሬውን አይወርስም፡፡

ይህ እውነት ከድልድይና ከግድብ ርቆ በሚገኘው በሲኒማ ዓለምም ይሠራል፡፡ በጃንዋሪ 1988 በአሜሪካ የሲኒማ አዳራሾች «የሕያዋን ሙታን መመለስ፣ ክፍል ሁለት» የተባለ ፊልም መታየት ጀመረ፡፡ ፊልሙ ከመቃብር ተነሥተው የሰው አንጎል ስለሚበሉ ሙታን የሚናገር፣ ማስፈራትንና ማሳቅን በአንድነት የያዘ ነው፡፡ እንዲህ ያለው ቧልት በባለሙያዎች መጽሔት ገጽ ሊሰጠው ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ መልሱ ከፊልሙ ታሪክ መነሻ ላይ ይገኛል፡፡ የታሪኩ መነሻ አንድ የሚያፈስ በርሜል ነው፤ የሚያፈስ በርሜል ደግሞ ከማንም በፊት መሐንዲሱን የሚመለከት ጉዳይ ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የተከታዩን ፊልም ዕድል ለመረዳት የዘር ሐረጉን በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል፡፡ «ዞምቢ» የሚለው ቃል ወደ አሜሪካ ሕዝብ ጆሮ የገባው ከሄይቲ ነው፡፡ የአሜሪካ ጦር ሄይቲን ይዞ በቆየበት ከ1915 እስከ 1934 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዊልያም ሲብሩክ የተባለው ጸሐፊ በ1929 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ ከሞቱ በኋላ በአስማት ተነሥተው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ያለ ፈቃዳቸው እንደሚሠሩ ስለሚነገርላቸው ሰዎች ጻፈ፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ «ነጩ ዞምቢ» የተባለው ፊልም ታየ፡፡ በዚያ ዘመን ዞምቢ ማለት የሌላ ሰው ባሪያ የሆነ በድን ማለት ነበር፤ ሥጋ የሚበላ አውሬ አልነበረም፡፡

ይህን መልክ የለወጠው በ1968 በፒትስበርግ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ነው፡፡ አዘጋጁ ጆርጅ ሮሜሮ ሲሆን፣ ድርሰቱን አብሮት የጻፈው ጆን ሩሶ ነበር፡፡ ፊልሙ የተሠራው በጥቁርና ነጭ፣ ከ114 ሺህ ዶላር በማይርቅ ወጪ ነው፡፡ ዋናውን ተዋናይ ሆኖ የሠራው ዱዌን ጆንስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፡፡ በፊልሙ መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ከሙታን ራሱን ሲከላከል ያደረው ይህ ሰው፣ ሲነጋ ለርዳታ በመጡት ሕያዋን ጥይት ይሞታል፡፡ የሲቪል መብት ትግል በተፋፋመበት በዚያ ዓመት የመጨረሻው ትርኢት ለተመልካቹ ምን እንዳሳሰበው መገመት አያዳግትም፡፡

ፊልሙ እጅግ ብዙ ተመልካች ቢያገኝም ሠሪዎቹ ከገቢው የሚገባቸውን አላገኙም፡፡ ምክንያቱ ትንሽ የምትመስል ስሕተት ናት፡፡ አከፋፋዩ ድርጅት የፊልሙን ርእስ በለወጠ ጊዜ፣ ከቀድሞው ርእስ ሥር የነበረውን የቅጂ መብት ምልክት ወደ አዲሱ ሳያዛውር ቀረ፡፡ በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ምልክቱ ሳይኖርበት ለሕዝብ የቀረበ ሥራ የማንም ሀብት ይሆን ነበር፡፡ አንድ መስመር ጽሑፍ ከፊልሙ ፊት በመጥፋቱ የብዙ ሰዎች የድካም ዋጋ ጠፋ፡፡ የሥዕል መግለጫ ሳይሞላ የተፈረመበት ንድፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይደነቅም፡፡

ሮሜሮና ሩሶ ከዚያ በኋላ ተለያዩ፡፡ ሩሶ «ሕያዋን ሙታን» የሚለውን ስም ይዞ ሲቀር ሮሜሮ የራሱን ተከታዮች በሌላ ስም ቀጠለ፡፡ በ1978 ሮሜሮ በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚፈጸመውን «የሙታን ንጋት» አቀረበ፤ ሙታኑ በሕይወት ሳሉ እንደለመዱት በሱቆቹ መካከል ሲንከራተቱ በማሳየት፣ ሸቀጥ ማግበስበስን የኑሮ ግብ ባደረገው ኅብረተሰብ ላይ አላገጠ፡፡ በሩሶ በኩል የቀረው ስም ደግሞ በፕሮዲውሰሩ በቶም ፎክስ አማካይነት ወደ ፊልም ሥራ አመራ፡፡ መጀመሪያ ለአዘጋጅነት የታሰበው ቶብ ሁፐር ነበር፡፡ እርሱ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ «ኤሊየን» የተባለውን የ1979 ፊልም ድርሰት በመጻፍ የታወቀው ዳን ኦባነን ጽሑፉንም አዘጋጅነቱንም ተረከበ፡፡ ኦባነን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፊልም በአዘጋጅነት መርቶ አያውቅም፡፡ የሮሜሮን መንገድ መከተል እንደማይገባው ግን ተገነዘበ፤ ስለዚህም ታሪኩን ወደ ሣቅ አዞረው፡፡

በኦገስት 1985 የታየው የመጀመሪያው «የሕያዋን ሙታን መመለስ» የሚጀምረው በኬንተኪ ክፍለ ግዛት በሉዊቪል ከተማ፣ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ዐፅምና አስከሬን በሚያቀርብ መጋዘን ውስጥ ነው፡፡ ፍራንክ የተባለው አሮጌ ሠራተኛ አዲስ የተቀጠረውን ወጣት ፍሬዲን ሥራ ሲያለማምድ፣ ሊያስደንቀው ፈልጎ አንድ ምስጢር ያወጋዋል፡፡ የ1968ቱ ፊልም በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው ይለዋል፡፡ ለጦር ኃይሉ የተሠራ አንድ ኬሚካል ሾልኮ ሙታንን እንዳነቃነቀ፣ ጦሩም ነገሩን ለመሸፈን ሙታኑን በበርሜል አሽጎ እንደላከ፣ በጽሕፈት ቤት ስሕተት ግን በርሜሎቹ ወደዚሁ መጋዘን እንደመጡና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በምድር ቤት እንደተቀመጡ ይነግረዋል፡፡ ከዚያም ወስዶ ያሳየዋል፡፡

እዚህ ላይ ለማንኛውም መሐንዲስ የማይረሳ ትርኢት ይመጣል፡፡ ወጣቱ በርሜሎቹ አያፈስሱም ወይ? ብሎ ይጠይቃል፡፡ ፍራንክም በጥያቄው እንደ መሳቅ ብሎ፣ የተሠሩት በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል መሆኑን በኩራት ይነግረዋል፤ ለማረጋገጫም በርሜሉን በእጁ ጠፍ ያደርገዋል፡፡ ወዲያው በርሜሉ ይፈነዳና ጋዙ ሁለቱንም ያጥናቸዋል፡፡ በአዳራሹ ያለው ተመልካች ይስቃል፡፡ የሚስቀው ግን በፍራንክ ሞኝነት ብቻ አይደለም፡፡ ለዓመታት አንድም ሰው ሳይመረምረው የቆየን ዕቃ በሠሪው ስም ብቻ ማመን የሁሉም ሰው ልማድ ስለሆነ፣ ተመልካቹ በራሱም ይስቃል፡፡

ታሪኩ ከዚህ በኋላ የሚገፋው በሙታን ኃይል ሳይሆን በሕያዋን ጥፋትን የመሸሸግ ፍላጎት ነው፡፡ በበርሜሉ ላይ አደጋ ቢደርስ የሚደወልበት የጦሩ ስልክ ቁጥር ተጽፎአል፡፡ ሆኖም የመጋዘኑ ባለቤት በርት ለድርጅቱ ስምና ከክስ ለመዳን ሲል አይደውልም፡፡ በመጋዘኑ ውስጥ የነቃውን አስከሬን ቆራርጠው ለማጥፋት ይሞክራሉ፤ ቁርጥራጩም አልሞት ይላል፡፡ ስለዚህ በአጠገባቸው ወዳለው አስከሬን ወደሚገነዝበው ወዳጃቸው ወደ ኧርኒ ወስደው በምድጃ ያቃጥሉታል፡፡ ጭሱ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከዝናቡ ጋር ይቀላቀላል፤ ዝናቡም በአጠገቡ ባለው መካነ መቃብር ላይ ይወርዳል፡፡ አንዱን አስከሬን ለመደበቅ የተወሰደው ርምጃ መቃብሩን በሙሉ ያስነሣል፡፡ በመጨረሻ ስልኩ ሲደወል ጦሩ ለብዙ ዓመታት ያዘጋጀው መልስ ይመጣል፤ ይኸውም ከተማውን በኑክሌር መሣሪያ መምታት ነው፡፡ ውጤቱ አጥጋቢ መሆኑ ለበላይ አካል ሲነገር ዝናቡ እንደገና ይወርዳል፡፡

ይህ ሁሉ ለጊዜው ተመልካች ባዶ ፈጠራ አልነበረም፡፡ በማርች 1968 በዩታ ክፍለ ግዛት፣ በዳግዌይ የጦር መሣሪያ መፈተኛ ስፍራ አጠገብ፣ ስድስት ሺህ ያህል በጎች በድንገት አልቀዋል፤ በአካባቢው የነርቭ ጋዝ ሙከራ ይካሄድ ነበር፡፡ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በናያጋራ ፎልስ ከተማ፣ «ላቭ ካናል» በተባለው ስፍራ፣ ከ21 ሺህ ቶን በላይ የኬሚካል ዝቃጭ ከተቀበረ በኋላ በላዩ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተሠርቶበት፣ በ1978 መንግሥት አስቸኳይ ሁኔታ አውጆ ነዋሪውን ማስወጣት ግድ ሆኖበታል፡፡ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት የታይምስ ቢች ከተማ መንገዶች አቧራ ለማብረድ ተብሎ ዲኦክሲን የተባለ መርዝ ያለበት የተቃጠለ ዘይት ተረጭቶባቸው፣ በ1983 መንግሥት ከተማውን በሙሉ ገዝቶ ባዶ ለማድረግ ወሰነ፡፡

በፊልሙ ውስጥ ያለው ኬሚካል «2-4-5 ትራዮክሲን» ይባላል፡፡ ስሙ በቬትናም ጦርነት ደን ለማራገፍ ከተረጨው «ኤጀንት ኦሬንጅ» ቅልቅል አንዱ ክፍል ከነበረው «2-4-5 ቲ» ጋር እጅግ ይቀራረባል፡፡ ፊልሙ ኬሚካሉ በማሪዋና ተክል ላይ እንዲረጭ የተሠራ መሆኑንም ይናገራል፤ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ርዳታ በሜክሲኮ የማሪዋና ማሳዎች ላይ ፓራኳት የተባለ መርዝ መረጨቱ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር፡፡ የኤጀንት ኦሬንጅ ተጎጂ ወታደሮች ያቀረቡት ክስ ደግሞ ፊልሙ ከመታየቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሜይ 1984፣ በ180 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አልቋል፡፡ በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጀመሪያ በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ማጠራቀሚያ የወጣ ጋዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በአንድ ሌሊት ገደለ፡፡ እንግዲህ በ1985 ክረምት ወደ አዳራሽ የገባ ሰው የሚያፈስ በርሜል ሲያይ ምን እንደሚያይ ያውቅ ነበር ለማለት ይቻላል፡፡

ሣቁ ከእውነተኛ ፍርሃት በላይ ስለተሠራ ሐዘንም ሊሸከም ችሏል፡፡ ጋዙን የተነፈሰው ፍራንክ ቀስ በቀስ እየሞተ መሆኑን፣ ከሞተም በኋላ ምን እንደሚሆን ያውቃል፡፡ ስለዚህ ብቻውን ወደ ማቃጠያው ምድጃ ሄዶ፣ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ፣ ራሱን ለእሳት ይሰጣል፡፡ ሲያስቅ የቆየው ሰው በዚህ ትርኢት ተመልካቹን ዝም ያሰኘዋል፡፡ እንደዚሁም ወገቧ የተቆረጠ አንዲት ሙት ታስራ ስትጠየቅ፣ አንጎል የሚበሉት የሞትን ሥቃይ ለማስታገሥ መሆኑን ትናገራለች፡፡ ሙታኑ ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ስለሚያማቸው ይበላሉ ማለት ነው፡፡

የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፡፡ ከእርሱ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ የወጣውና ቀልድ የሌለበት የሮሜሮ «የሙታን ቀን» ግን በዚያው አገር ስድስት ሚሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላለትም፡፡ ነጋዴው ከዚህ ያወጣው ስሌት ግልጽ ነበር፤ ሕዝቡ ከሙታን ጋር መሳቅ ይወድዳል፤ እንግዲያስ ይደገምለት፡፡

ሁለተኛውን ፊልም ያቀረበው ሎሪማር የተባለው ኩባንያ ሲሆን ድርሰቱንም አዘጋጅነቱንም የያዘው ኬን ዊደርሆርን ነበር፡፡ ዊደርሆርን በ1977 ከባሕር ስለሚነሡ የናዚ ወታደሮች ሙታን የሚናገር ፊልም ያዘጋጀ በመሆኑ ለመስኩ እንግዳ አይባልም፡፡ የሁለተኛው ፊልም ታሪክ እንዲህ ነው፡፡ በርሜሎች የጫነ የጦር ካሚዮን በሌሊት ሲጓዝ አንዱ በርሜል ይወድቅና ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ሹፌሩም አያውቅም፡፡ ጄሲ የተባለ ልጅና ሁለት አስቸጋሪ ጓደኞቹ በርሜሉን ያገኙታል፤ ጓደኞቹም ይከፍቱታል፡፡ ጋዙ ወደ መቃብሩ ይሰራጫል፤ ሙታን ይነሣሉ፤ ልጁ፣ እኅቱና ጥቂት ሰዎች ሊያመልጡ ይጣጣራሉ፡፡

በመጀመሪያው ፊልም ፍራንክንና ፍሬዲን ሆነው የሠሩት ጄምስ ካረንና ቶም ማቲውስ በሁለተኛውም ተመልሰዋል፡፡ ነገር ግን በመጀመሪያው ስለሞቱ በሌላ ስም፣ የመቃብር ሌቦች ሆነው መጡ፡፡ ጋዙን ይተነፍሳሉ፤ ይታመማሉ፤ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ቀድሞ ያሉትን የሚመስል ነገርም ይናገራሉ፡፡ እንዲያውም ይህ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶብን ነበር የሚል ስሜት እንደያዛቸው ይገልጻሉ፡፡ የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ተመልካች ይስቅ ዘንድ የታሰበ ቀልድ ነው፤ ቢሆንም የተከታዩን ፊልም ድካም ከማንኛውም ሐያሲ የበለጠ የሚመሰክርበት ራሱ ይህ ቀልድ ሆነ፡፡

ፊልሙ በአሜሪካ ያስገባው ከ9 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይበልጥም፡፡ ይህ ከመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፡፡ አብዛኞቹ ሐያስያን የቀድሞው ፊልም ድጋሚ ነው ብለው ነቀፉት፤ የመጀመሪያውን የወደዱትም ተመልካቾች ሥለቱ እንደ ዶለዶመ ተናገሩ፡፡ ዋናው ገጸ ባሕርይ ልጅ በመሆኑ ታሪኩ ለልጆች የታሰበ ይመስላል፤ ደሙና ቁርጥራጩ ግን ልጅ የሚያየው አይደለም፡፡ ስለዚህም ፊልሙ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ሳይወስን የቀረ ሆነ፡፡

ለፍርድ ሚዛናዊነት ሲባል በጎ ጎኑንም መጥቀስ ይገባል፡፡ በመጀመሪያው ፊልም ሙታንን ከማቃጠል በቀር የሚገታ ነገር አልነበረም፤ ቃጠሎውም ጥፋቱን አባዛው፡፡ በሁለተኛው ግን ኤሌክትሪክ እንደሚያጠፋቸው ይገኛል፡፡ በመጨረሻ ሰዎቹ አንጎል በጫነ መኪና ሙታኑን አባብለው ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ በመሳብ በከፍተኛ ኃይል ይፈጇቸዋል፡፡ ለዐይን የሚማርክ ትርኢት ነው፤ በዚያን ጊዜ ዝነኛ የነበረውን የማይክል ጃክሰንን የ«ትሪለር» ልብስ የለበሰ ሙት በጅረቱ ሲንቀጠቀጥ መታየቱም ተመልካቹን አስቆአል፡፡ የሙታኑን መልክ ያዘጋጁት ባለሙያዎች ድካምም የሚናቅ አይደለም፡፡

ታዲያ ምን ጎደለ? በመጀመሪያው ፊልም በርሜሉ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠው በሰዎች ውሳኔ ነው፡፡ አንዱ ሠርቶታል፤ ሌላው በስሕተት ልኮታል፤ ሦስተኛው አይቶ ዝም ብሎአል፤ አራተኛው ስልኩን አልደወለም፡፡ አደጋው በየደረጃው ባለቤት አለው፡፡ በሁለተኛው ፊልም ግን በርሜሉ በአጋጣሚ ይወድቃል፤ በልጆች ተንኮል ይከፈታል፡፡ ማንም አልደበቀውም፤ ስለዚህ ማንም አይጋለጥም፡፡ በመጨረሻም ኤሌክትሪክ ሁሉን ያጸዳል፤ ሰዎቹም በሰላም ይወጣሉ፡፡ ዊደርሆርን ጋዙን፣ መቃብሩን፣ ተዋንያኑን፣ አንጎል የመብላቱንም ነገር ከቀድሞው ንድፍ በታማኝነት ገልብጦአል፡፡ ያልገለበጠው ጭነቱን የተሸከመውን ዓምድ፣ ማለትም ጥፋትን የመሸሸግን ነውር ነው፡፡ የመጀመሪያው ፊልም ሰዎች በእርግጥ በሚፈሩት ነገር ሲስቅ፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ፊልም ሳቀ፡፡

ይህም የሆነው ዘመኑ አዲስ ነገር ስላልሰጠው አይደለም፡፡ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ባሉት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ዓለም ሁለት ታላላቅ የምሕንድስና አደጋዎች አይቶ ነበር፡፡ በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 «ቻሌንጀር» የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ከተነሣች ከ73 ሴኮንድ በኋላ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ፡፡ መሐንዲሶች በዋዜማው የላስቲክ ቀለበቶቹ በብርድ እንደማይሠሩ አስጠንቅቀው ሳይሰሙ እንደቀሩ ምርመራው ገለጸ፡፡ በኤፕሪል 26 ቀን በዚያው ዓመት ደግሞ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አራተኛ ምድጃ ፈነዳ፤ አደጋው ለዓለም የተገለጸውም በስዊድን የሚገኝ የኑክሌር ጣቢያ መሣሪያዎች ባልታሰበ መንገድ የጨረር ምልክት ካዩ በኋላ ነው፡፡ ዝናብ መርዝ ይዞ ሲወርድ፣ ባለሥልጣን ዝም ሲል፣ የኦባነን ቧልት ትንቢት ሊመስል ምንም አልቀረው፡፡ በ1988 የመጣው ተከታይ ፊልም ከዚህ ሁሉ አንዳች አልወሰደም፡፡

ከዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ማድረግ ይጠቅማል፡፡ በማርች 1987፣ ማለትም አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ሌላ የአስፈሪ ፊልም ተከታይ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር፡፡ ይህም የሳም ሬሚ «ክፉዎቹ ሙታን፣ ክፍል ሁለት» ነው፡፡ የመጀመሪያው ክፍል በ1981 በዲትሮይት ከተማ ሲታይ ከ400 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራ፣ ከቀልድ ይልቅ ፍርሃት ያመዘነበት ሥራ ነበር፡፡ ሁለተኛው ከሞላ ጎደል ያንኑ ታሪክ ይደግማል፤ ያው ጎጆ፣ ያው መጽሐፍ፣ ያው ተዋናይ ብሩስ ካምቤል አለ፡፡ ሬሚ ግን ሲደግም ለወጠው፡፡ በመጀመሪያው ፍርሃት የነበረውን ወደ ሣቅ አዞረው፤ የገዛ እጁ ጠላት ሆኖበት ከእጁ ጋር የሚታገለውን ሰው ሲያሳይ፣ ተመልካች መጮኽ ይሁን መሳቅ ይገባው እንደሆነ ሊለይ አልቻለም፡፡ ታዋቂው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጠው፡፡

አስደናቂው ነገር ገቢው ነው፡፡ የሬሚ ፊልም በአሜሪካ ያስገባው ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ብቻ ነበር፤ ከዊደርሆርን ፊልም ያነሰ ማለት ነው፡፡ በቲኬት ሽያጭ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ አሸናፊው ዊደርሆርን በሆነ ነበር፡፡ ይሁንና ከብዙ ዓመታት በኋላ የሬሚ ተከታይ ከመጀመሪያው ክፍል ይበልጣል እየተባለ ሲጠቀስ፣ የዊደርሆርን ተከታይ የሚታወሰው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ክፍል ጋር ለማነጻጸር ነው፡፡ የምረቃ ቀን ጭብጨባ አንድ ነገር ነው፤ የአገልግሎት ዘመን ሌላ ነገር ነው፡፡ በ1985 ያልሆነለት የሮሜሮ «የሙታን ቀን» እንኳ በጊዜ ብዛት አክባሪዎች አግኝቶአል፡፡

የተከታታዩ ፊልም ታሪክ በሁለተኛው አላበቃም፡፡ በ1993 ብራያን ዩዝና ያዘጋጀው ሦስተኛ ክፍል ቀልዱን ከሞላ ጎደል ትቶ፣ የሞተች ፍቅረኛውን በጋዙ ስላስነሣ ወጣት ይተርካል፡፡ ወጣቱ የአንድ የጦር መኰንን ልጅ ነው፤ ጦሩም ሙታንን መሣሪያ ለማድረግ ይሞክራል፡፡ በአዳራሽ ያገኘው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ቆይቶ በቪዲዮ ካሴት ያዩት ሰዎች ከሁለተኛው ክፍል አብልጠው ወደዱት፡፡ ምክንያቱም ዩዝና መልኩን ሳይሆን ዋናውን ነገር፣ የሙታንን ሥቃይና የጦሩን ምስጢር፣ ወርሶአልና ነው፡፡ በ2005 ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ቢወጡም የተከታታዩን ክብር የሚመልሱ አልሆኑም፡፡

ከመጀመሪያው ፊልም የቀረው ውርስ ግን ሰፊ ነው፡፡ ዛሬ በመላው ዓለም ዞምቢ አንጎል ይበላል የሚለው አነጋገር የመጣው ከሮሜሮ ሳይሆን ከኦባነን ነው፡፡ «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ዝግጅት በ1992 ሙታኑን አንጎል ፈላጊ አድርጎ ሲያቀርብ ሕዝቡ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ተረድቶታል፡፡ በ2004 በእንግሊዝ የተሠራው «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ»፣ በ2009 በአሜሪካ የተሠራው «ዞምቢላንድ»፣ ሣቅና ፍርሃት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ቀድሞ በተረጋገጠበት መንገድ የተጓዙ ናቸው፡፡ «ዞምቢላንድ» ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በዚያው አዘጋጅና በዚያው የተዋንያን ቡድን ተከታይ ሲወጣለት በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶአል፡፡ ያም ሆኖ ከሐያስያን አፍ የወጣው ዋና ወቀሳ በ1988 የተሰማው ያው ወቀሳ ነበር፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን አይተነዋል የሚል፡፡

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ስለ ሲኒማ ብቻ አይደለም፡፡ ፍራንክ በርሜሉን ጠፍ ሲያደርግ የተማመነው በብረቱ ውፍረት ወይም በብየዳው ጥራት አልነበረም፤ በሠሪው ስም ነበር፡፡ ሁለተኛውን ፊልም ያሠሩት ሰዎችም የተማመኑት በዚሁ ነው፤ በመጀመሪያው ስም፡፡ የመጀመሪያው ሥራ የተሳካለት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ሠራሁ?» የሚለውን ሳይሆን «ለምን ቆመ?» የሚለውን ነው፡፡ የቆመበትን ምክንያት ካላወቀ ሁለተኛውን ሲሠራ የሚያስቀረው ምናልባት ዋናውን ዓምድ ይሆናል፡፡

በበርሜሉ ላይ የተጻፈችው የስልክ ቁጥርም አትረሳ፡፡ በፊልሙ ውስጥ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በግልጽ ትታያለች፤ ሁሉም አይቷታል፤ ሁሉም ለነገ አሳድሯታል፡፡ ሰው በአዳራሽ ተቀምጦ በዚህ ሊስቅ ይችላል፤ የሣቁም ዋጋ ከአዳራሹ ሲወጣ የራሱን መጋዘን እንዲመረምር ማድረጉ ነው፡፡ የመጀመሪያው ፊልም ይህን አደረገ፡፡ ሁለተኛው ግን ሣቁን ብቻ ይዞ ቁጥሯን ከበርሜሉ ላይ ፍቆ የቀረበ ያህል ነውና፣ ተመልካቹ የፈረደበት ያለ ምክንያት አልነበረም፡፡